ቤት፣ ሕክምና፣ እኩልነት፦ መንግስትን እንዴት ነው ምንጠይቀው? (ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት አንዷ እህታችን የቀበሌ ቤቷ ጣሪያ ለሶስተኛ ክረምት እያፈሰሰ "ነገ ነይ" እየተባለች እንደሆነ ስትነግረን ስንቱ ሰው "እኔም እኮ" አለ፣ ግማሹ ስለ ቤት፣ ሌላው ስለ ጤና ጣቢያ፣ አንዳንዱ ደሞ በብሔሩ ምክንያት ስለደረሰበት ነገር። ስለዚ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ ብያለሁ። ምኖረው እዚሁ ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው፣ የተማርኩት ህግ ነው፣ ዘጠኝ አመት ደሞ ማህበራዊ ተጠያቂነት በሚባለው ስራ ላይ ነዋሪውንና መስሪያ ቤቱን አንድ አዳራሽ አስገብቶ ማነጋገር ነበር ስራዬ። በሉ ጠይቁ።

ጣሪያዋ፦ እህቴ እኔ ነኝ ጣሪያዬ ሚያፈሰው። ቀበሌ ስንቴ እንደሄድኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዴ በጀት የለም፣ አንዴ ሃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንዴ ደሞ ራስሽ አሰሪው ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እማ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእጅሽ ምን ወረቀት አለ? እንደገመትኩት ከሆነ ምንም የለም። ሶስት ክረምት ሙሉ ተመላልሰሽ በመዝገብ ግን አንድም ቀን አልሄድሽም ማለት ነው፣ የዛሬው ሃላፊ ነገ ሲቀየር አዲሱ "እንደዚህ አይነት አቤቱታ አልደረሰንም" ቢልሽ ውሸታም ልትዪው አትችዪም። በቃል ያለ ይረሳል በፅሁፍ ያለ ይወረሳል ሚባለው ለቀበሌ ነው የተተረተው እላለሁ እኔ።

የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ ደሞ እወቂ። በ1967 ዓ.ም ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ሲሆን ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠው ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ስለዚ ያንቺ አከራይ መንግስት ነው፣ ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ደረሰኝም ይሰጥሻል። ልመና አይደለም ምትሄጂው፣ ተከራይ ሆነሽ ነው።

አሁን ምታደርጊው፣ አንድ ገፅ ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ፃፊ፣ ሃላፊው ቢሮ ይዘሽ አትግቢ፣ ቀጥታ መዝገብ ቤት ሂጂና ገቢ አስደርጊው፣ አንዱ ኮፒ ላይ ማህተም፣ ገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተሽ ለራሽ ያዢው። "ሃላፊው ሳይመራበት ገቢ አናደርግም" ካሉሽ እዛው ሆነሽ በትህትና "ደብዳቤ መቀበል የመዝገብ ቤት ስራ ነው" በያቸው፣ እምቢ ካሉ በፖስታ በአደራ ላኪው፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ቀን አለው። ከዛ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት ራሳቸው ፅፈው የሰቀሉት ነው፣ ቀኑ ሲያልፍ ያንን ፎቶ አያይዘሽ ለቅሬታ ሰሚ ትፅፊያለሽ፣ ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት።

አንድ እናት አስታውሳለሁ፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ ወረቀታቸውን ሁሉ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ነበር ይዘው ሚዞሩት፣ ለምን ሁለት ፌስታል ስላቸው "ልጄ ጣሪያው እኮ ያፈሳል" አሉኝ። ገቢ ቁጥር ያለው ደብዳቤ አምስት ደርሶ ነበር፣ በቀናቸው ተራ ደርድረው ሃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧቸው ሰውየው አንድ በአንድ አነበበና ወንበር ሳበላቸው። ቆርቆሮው የተቀየረው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ግን ተቀየረ።

ፓርክ ሰራተኛ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው ምንሰራው፣ አራት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ነን። አከራያችን ዘንድሮ ብቻ ሶስቴ ጨመሩ፣ አሁን ደሞ ካልከፈላችሁ በሳምንት ውጡልኝ አሉ። አዲስ የኪራይ ህግ ወጥቷል ሲባል ሰምተናል፣ እኛንም ያያል?

መልስ፦ እህቶቼ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ላይ ሲመረቅ ስንት ሰው እንደሚቀጥር በየመድረኩ ይነገር ነበር፣ እነዛ ልጆች የት ነው ሚያድሩት ብሎ የጠየቀ ግን ከመድረኩ አልሰማሁም። ከየገጠሩ የመጣችው ልጅ አስር ሰአት ቆማ ሰርታ ማታ ለአራት አንድ ፍራሽ ላይ ስትተኛ ይሄ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወደ ህጉ ስንመጣ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በፅሁፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፣ ውል ከሁለት አመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፣ ጭማሪ ደሞ በአመት አንዴ ብቻ፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ካወጣው ጣሪያ ሳያልፍ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋን ሲጠቅስ የክልል ከተሞችን ክልሎቹ ሲወስኑ ነው ሚያስገባቸው። ስለዚ ለክፍለ ከተማችሁ ቤቶች ፅህፈት ቤት በፅሁፍ ሶስት ነገር ጠይቁ፣ ከተማችን በአዋጁ ተካታለች ወይ፣ ተቆጣጣሪው ማነው፣ የዘንድሮ የጭማሪ ጣሪያ ስንት ነው። ጥያቄው ራሱ ስራ ይሰራል፣ "አልተካተተችም" የሚል መልስ ከመጣ እንኳን አርባ ሴቶች ፈርማችሁ ለምክር ቤቱ "ለምን አልተካተተችም" ብላችሁ መጠየቂያ ሆነ ማለት ነው።

ለዛሬ ማታ ደሞ፣ ኪራይ በእጅ መክፈል አቁሙ፣ በሞባይል ባንኪንግ ስትልኩ ምክንያት ሚለው ቦታ ላይ "የዚህ ወር የቤት ኪራይ" ብላችሁ ፃፉ። ከአከራያችሁ ጋር ደሞ ጥል አትግቡ፣ እሳቸውም በዛች ክፍል ኪራይ ልጆች ሚያሳድጉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለሁላችሁም ቤት እንዲኖር ማሰብ የነበረበት ሌላ ነው።

የአቶቴ ልጅ፦ ቤት ግን መብት ነው እንዴ? ህገ መንግስቱ ላይ አለ?

መልስ፦ አጭሩ መልስ፣ እንደምንፈልገው ሆኖ አይደለም ያለው። አንቀጽ 90 ላይ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ጤና፣ ትምህርት፣ ንፁህ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማህበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ፖሊሲዎች ይነደፋሉ ይላል። "አቅም በፈቀደ መጠን" ሚለው ላይ ብዙ ሃላፊ ተደላድሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ሁሌ ምይዘው አንቀጽ 41 ንኡስ 3ን ነው፣ በመንግስት ገንዘብ በሚካሄዱ ማህበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው። እዚህ ላይ አቅም ሚል ቃል የለም። ትንሽም ቢሆን ያለው በእኩል ነው ሚካፈለው። በዛ ላይ በ1985 ሀገራችን የገባችበት የኢኮኖሚ፣ ማህበራዊና ባህላዊ መብቶች አለም አቀፍ ቃል ኪዳን በቂ መኖሪያ ቤትን በመብትነት ይቆጥራል፣ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 9 ንኡስ 4 መሰረት ደሞ ሀገሪቱ ያፀደቀችው አለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ህግ አካል ነው።

አንድ እናት፦ የጤና መድህን በየአመቱ እከፍላለሁ። ስታመም ግን ካርድ አውጥቼ ተመርምሬ መድሃኒቱ የለም ከውጪ ግዢ ይሉኛል። ታዲያ መድህኑ ለምንድነው?

መልስ፦ እትዬ ልክ ነዎት፣ ይሄን ጥያቄ በየመድረኩ ስሰማው ኖሬያለሁ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሃሳቡ ጤነኛው ለታመመው እንዲያዋጣ ነበር፣ እንደ እድራችን ማለት ነው። እድር ድንኳን የለኝም ቢልዎት ዝም አይሉም አይደል፣ ይሄም እንደዛ ነው።

ሚያደርጉት፣ "የለም" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ፣ ማዘዣው ላይ መድሃኒቱ እንደሌለ ፅፈው ማህተም እንዲያደርጉበት ጠይቁ። ከውጪ ከገዙም ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር አብረው ይያዙ፣ ከዛ መድህን ቢሮው ጋር ሄደው ገንዘቡ ሚመለስበት አሰራር ካለ በፅሁፍ ይጠይቁ።

የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ የማህበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ስንሰራ፣ አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ነዋሪው ለብቻው ባለሙያዎቹ ለብቻ ተቀምጠው ለአገልግሎቱ ከአምስት ነጥብ ይሰጣሉ ከዛ አንድ ላይ ይገናኙና ያነፃፅራሉ። የመድሃኒት አቅርቦት ላይ ጤና ጣቢያው ለራሱ አራት ሰጠ፣ ሴቶቹ አንድ ሰጡ። ሃላፊው "ይሄ ስሜት ነው" አለ። ያኔ አንዲት ሴት ተነስታ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታች፣ ማዘዣ ነው፣ ሰባት። ጎኗ ያለችው ሶስት አወጣች። ከኋላ ደሞ መጣ። ሰላሳ ምናምን ማዘዣ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋና ቆጠርነው፣ አብዛኛው ያው ሁለት አይነት መድሃኒት ነበር፣ የደም ግፊትና የስኳር። ፋርማሲስቷ እየተጨነቀች ጤና ጣቢያው መድሃኒት እንዲላክለት ወደላይ ሲጠይቅ መጠኑ የታመመውን ሰው ቁጥር አይቶ እንዳልነበር ተናገረች፣ የህሙማን መዝገቡ አልተያያዘም ነበር። ማንም ሌባ አልነበረም፣ ግን አንድ ሰው መስራት ያለበትን ወረቀት ስላልሰራ ነው እናቶች ግፊታቸው እየጨመረ ቤታቸው ሲመለሱ የነበረው። የድርጊት መርሃ ግብር ተፃፈ፣ ስምና ቀን ተቀመጠበት፣ በሶስተኛው ወር ተመልሰን ስናይ የግፊቱ መጥቷል፣ የስኳሩ ገና ነበር። ለስኳሩ እንደገና ተሰበሰብን።

ስለዚ እትዬ ማዘዣዎትን አይጣሉ። ከጎረቤት አስር ሰው ይሰብስቡ፣ ጤና ጣቢያው የነዋሪ ተወካይ ያለበት የአስተዳደር ቦርድ ካለው ለሱ ያቅርቡት።

ያልታወቀ፦ ድንገተኛ ታማሚ ይዘን ሌሊት ሄደን መጀመሪያ ቅድሚያ ገንዘብ አስይዙ ተባልን። ይቻላል?

መልስ፦ የ1996 የወንጀል ህግ አንቀጽ 537 የህክምና ባለሙያ በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት ከከለከለ ያስቀጣል። በሰአቱ ግን አንቀጽ አትጥቀሱ፣ ከጥበቃ ጋርም አትጨቃጨቁ፣ የተረኛውን ሀኪም ስም ጠይቁ፣ የደረሳችሁበትን ሰአት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ህይወት ይቅደም፣ ክሱ በማግስቱ ይደርሳል። በነገራችን ላይ በመንግስት ጤና ጣቢያ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና በነፃ ነው፣ ለነዚህ ክፈሉ ከተባላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ።

ሞኖፖል ሰፈር፦ ቤት ልከራይ ሄጄ አከራይዋ ቤቱን አሳይተውኝ በዋጋ ተስማምተን ስሜን ስነግራቸው "ከየት ነህ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ "ይቅርታ ቤቱ ለዘመድ ተይዟል" አሉኝ። መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ደሞ መሸኛ ይዤ እንኳን አራት ወር አመላለሱኝ። ከኔ ኋላ የመጣ በሳምንት ወሰደ።

መልስ፦ ወንድሜ በጣም አዝናለሁ። ሁለቱን ነገር ለያይተን እንያቸው፣ ምክንያቱም ማስረጃቸው አንድ አይደለም።

የአከራይዋ ነገር በህግ ለማረጋገጥ ከባድ ነው፣ "ለዘመድ ተይዟል" ብለው ከጨረሱ ምንም አልቀረህም። ይሄን ህግ ብቻውን አይፈታውም፣ እኛ ሰፈር ውስጥ ያለን ሰዎች ነን አከራዮቻችንን ተው ማለት ያለብን፣ እኔም የራሴን አክስት ብያለሁ።

የቀበሌው ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ልዩነት አይደረግም ይላል፣ አንቀጽ 32 ደሞ የመኖሪያ ቦታህን የመምረጥ ነፃነት ይሰጥሃል። መንግስት መስሪያ ቤት ላይ ይሄ ምክር አይደለም፣ ግዴታ ነው። "በብሔሬ በደሉኝ" ብለህ ብቻ ብትፅፍ "አላደረግንም" ይሉና ይዘጋል፣ ስለዚ ማወዳደሪያ ስጣቸው፦ መሸኛዬ ገቢ የሆነው በዚህ ቀን፣ ቻርተሩ ላይ ያለው ጊዜ ይሄ፣ ከኔ በኋላ ያመለከተ ሰው መታወቂያ የወሰደው በዚህ ቀን፣ ለልዩነቱ ምክንያቱን በፅሁፍ ግለፁልኝ። ልዩነት ሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ቀበሌው ካልመለሰ ክፍለ ከተማ፣ ከዛ እንባ ጠባቂ ወይ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን።

ፋይዳ ካላወጣህ ደሞ አውጣ። በአዋጅ 1284/2015 የመጣው ዲጂታል መታወቂያ ብሔርና ሃይማኖት አይመዘግብም። የነዋሪነት ማስረጃ አይሆንም፣ ማንነትህን ግን ያረጋግጣል፣ ባንክ ስትሄድ ይጠቅምሃል።

የሀዋሳ ተወላጅ፦ ሁሌ መጤው ተበደለ ነው ምትሉት። አባቴ በገዛ ከተማው ቢሮ ሲሄድ አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ከፍሎ ነበር ሚገባው። ያኔ እኩልነት የት ነበረ?

መልስ፦ አልነበረም። ይሄንን በግልፅ ማለት አለብን። ሀዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ የክልሉ የስራ ቋንቋ አማርኛ ነበር፣ የሲዳማ ገበሬ ከተማ ውስጥ ጉዳይ ሲኖረው ስንቱ ቢሮ ደጅ ላይ ቆሞ እንደተመለሰ ከአባትህ በላይ ሚያውቅ የለም። ህዳር 10 ቀን 2012 ሰው ከሌሊት ጀምሮ ለህዝበ ውሳኔ የተሰለፈው፣ ከዛም ሰኔ ላይ ክልሉ የተመሰረተው በሌላ ብዙ ምክንያት ቢሆንም ይሄ ቁስል ውስጡ አለ። አባትህ ዛሬ በሲዳምኛ ፅፈው ገቢ ማስደረግ መቻላቸው እኩልነት ነው፣ ከላይ የጠየቀው ወንድማችን በሳምንት መታወቂያ ማግኘቱም እኩልነት ነው። አንዱ ሲሟላ ሌላው አይቀነስም። እኔ ስብሰባ ስመራ ያየሁት፣ የመድሃኒቱ ወረፋ ላይ ሲዳማዋም ወላይታዋም አማራዋም ጉራጌዋም ያችኑ "የለም" የምትል ቃል ነው የሰሙት፣ አብረው ሲጠይቁ ነው መልስ የመጣው። አንዷ ብቻዋን ብትነሳ ኖሮ ጉዳዩ ወደ ብሔር ተጠምዝዞ መድሃኒቱ ይረሳ ነበር።

ከሶዶ፦ በ2015 ነሐሴ ደቡብ ክልል ሲፈርስ መስሪያ ቤታችን ወደ ሶዶ ሄደ፣ እኔ ግን ሀዋሳ የቤት ህብረት ስራ ማህበር ውስጥ ብር አስገብቻለሁ። አሁን ሰብሳቢው ስልክ አያነሳም።

መልስ፦ የህብረት ስራ ማህበራት አዋጅ 985/2009 አባል ሂሳብና ቃለ ጉባኤ የማየት መብት ይሰጥሃል። የአባላቱ ብር የተቀመጠበትን የባንክ ዝግ ሂሳብ ስቴትመንትና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት በፅሁፍ ጠይቅ፣ ግልባጭ ለከተማው ህብረት ስራ ፅህፈት ቤት፣ ኦዲት የማስደረግ ሃላፊነት የሱ ነው። ከሌሎች አባላት ጋር ሆነህ።

ታታሪው፦ እንባ ጠባቂና ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ልዩነታቸው ምንድነው? ተባበሩት መንግስታትስ ጋር መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ሁለቱም በ1992 ነው የተቋቋሙት፣ ሁለቱም ሀዋሳ ቅርንጫፍ አላቸው፣ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። በአጭሩ፣ መስሪያ ቤት በደለኝ፣ አዘገየኝ፣ መረጃ ከለከለኝ ከሆነ እንባ ጠባቂ፤ መብቴ ተጣሰ፣ ታሰርኩ፣ ተፈናቀልኩ፣ በማንነቴ ተገለልኩ ከሆነ ኮሚሽኑ። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይቀበሉም፣ ይሄን ሳያውቁ ብዙ ሰዎች ይመለሳሉ። ተመድን በተመለከተ፣ የዘር መድልዎን ለማጥፋት የወጣውን ስምምነት ሀገራችን በ1968 ተቀብላለች፣ የሀገራትን የሰብአዊ መብት አያያዝ ሚያየው ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ሚባለውም ላይ ለአራተኛ ጊዜ የቀረበችው ህዳር 2017 ነው፣ ለነዚህ መድረኮች የሲቪል ማህበራት የራሳቸውን ሪፖርት ይልካሉ። ለጣሪያሽ አይጠቅምም፣ መንግስት እዛ የገባውን ቃል እዚህ አምጥቶ ለመጠየቅ ግን ይጠቅማል።

ፈሪ፦ ብፅፍ ነገ ቢያጠቁኝስ? ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ፍርሃትሽን አላጣጥለውም፣ ሰው ጠይቆ የተጎዳበት ጊዜ አለ። ወንጀልና ሙስና ሚጠቁም ሰው በአዋጅ 699/2003 ጥበቃ ይደረግለታል፣ ህጉ ግን በርሽ ላይ ቆሞ አያድርም። ስለዚ ብቻሽን አትፈርሚ። አስራ አምስት ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ላይ ማንን መርጠው ይቆጣሉ? ፊርማው በክብ ይሁን፣ ማን መጀመሪያ እንደፈረመ እንዳይታወቅ። ደሞ ሰው አትሳደቡ፣ ስለ ሃላፊው ፀባይ አትፃፉ፣ ስለ ቀኑና ስለ ቁጥሩ ብቻ ፃፉ።

ጣሪያዋ፦ እሺ እህቴ፣ ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ ልፃፍ? እንደሱ ፅፌ አላውቅም።

መልስ፦ ይሄን ገልብጪ፣ ባዶውን ሙዪ፦

"ቀን ___። ለ ___ ቀበሌ አስተዳደር ፅህፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የቤት ጥገናና መረጃ መጠየቅን ይመለከታል። የቤት ቁጥር ___ ተከራይ ስሆን ኪራይ እስከ ___ ወር ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አያይዣለሁ። የቤቱ ጣሪያ ከ ___ ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ያፈሳል፣ ሶስት ፎቶ አያይዣለሁ። በዜጎች ቻርተር መሰረት ጥገናው መቼ እንደሚሰራና ማን እንደሚወስን በፅሁፍ እንዲገለፅልኝ፣ እንዲሁም በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሰረት ለዘንድሮ ለቀበሌ ቤቶች ጥገና የተያዘው በጀት ስንት እንደሆነና የትኞቹ ቤቶች እንደተጠገኑ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለከተማው ምክር ቤት።"

መረጃውን ለምን እንደፈለግሽ ምክንያት የመናገር ግዴታ የለብሽም፣ ቢጠይቁሽም። ለመመለስ ሰላሳ ቀን አላቸው። ማህተም የተመታበትን ኮፒ ስታገኚ ሰላሳኛውን ቀን ቆጥረሽ ካላንደር ላይ ክበቢው፣ ያን ቀን እዚሁ ፃፊልኝ፣ ቅሬታ ሰሚ ጋር አብሬሽ እሄዳለሁ።